«በሞቴ» የማይል ኩባንያ

ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ በሚባለው፣ ቤት በተከራየሁበት ሰፈር ሶፍትዌር ኢንጂነር መሆኔን የሚያውቅ ሰው የለም። የሚያውቁኝ «ኮምፒውተሩ» በሚል ስም ነው። ስልኩ ውሃ የገባበት ወደ እኔ ይመጣል፤ የሳተላይት ዲሹን ንፋስ ያዞረበት ወደ እኔ ይመጣል፤ ካልኩሌተሩ የደከመበት ባለሱቅም እኔኑ ነው የሚፈልገው። አንድ ቅዳሜ እንዲያውም አንድ ጎረቤቴ የልብስ ስፌት መኪና በትከሻው ተሸክሞ መጣና ደጄ ላይ አሳረፋት። የእኔ ሥራ መጠገን ሳይሆን መጻፍ ነው፣ ኮምፒውተር የሚያነበው ጽሑፍ መጻፍ፣ ብዬ በትዕግሥት አስረዳሁት። እሱም በትዕግሥት ሰማኝና፣ አልቸኮልኩም፣ ስትጨርስ ትጠራኛለህ ብሎኝ ሄደ። ምን ላድርግ፣ ጠገንኩለት። ክሯ ተጠላልፎ ነበር።

እንጀራዬ ግን ኮምቦልቻ ነው። ጆንያ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሬ የመጋዘኑን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጠዋት በደሴ ብርድ ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ ሚኒባስ እሳፈራለሁ፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ሲወርድ ጃኬቱ ይከፈታል፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ክንዴ ላይ ነው። ማታ ደግሞ ያንኑ በተቃራኒው። በዚህ ኑሮ ቅሬታ አልነበረኝም። ፋብሪካው ደህና ነው፣ ሰዎቹ ደህና ናቸው፣ የካፍቴሪያው ሻይ ብቻ ትንሽ ጆንያ ጆንያ ይላል።

አንድ ነገር ግን ያንገበግበኝ ነበር። የጻፍኩትን የሚያነብልኝ ሰው አልነበረም። የገበሬን እርሻ ጎረቤቱ ያይለታል፤ ግንበኛ የሠራውን ግድግዳ መንገደኛ ሁሉ እየዳሰሰ ያልፋል። የእኔን ማን ይይልኝ? አንድ ጊዜ ስንት ቀን የለፋሁባትን፣ በጣም ቆንጆ አድርጌ የጻፍኳትን ክፍል ለአለቃዬ ለጋሽ ይመር ላሳያቸው ብዬ ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩ። ጋሽ ይመር መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት አዩና፣ ይሠራል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይሠራል አልኩ።

«እንግዲያው አትነካካው» አሉኝ።

በዚያ ፋብሪካ ውስጥ ስለ ሥራዬ የተሰጠ ሙያዊ አስተያየት ይኸው ብቻ ነው። ስለዚህ ምኞቴ ትንሽ ነበረች። እንደኔው የሚጽፍ አንድ ሰው ሥራዬን አይቶ «ይቺን ለምን እንዲህ አደረግሃት?» እንዲለኝ ነበር የምፈልገው። እንዲህ የሚባባሉ ሰዎች ደግሞ ተሰብስበው የሚውሉት በትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ውስጥ ነው ሲባል ሰማሁ። ከነሱ አንዱ፣ ስሙን ብጠራው ከልጅ እስከ ሽማግሌ የምታውቁት፣ ናይሮቢ ላለው ቢሮው ሰው እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አወጣ። አመለከትኩ። ደሴ ፒያሳ አንድ ካፌ ተቀምጬ ነው ያመለከትኩት፤ መልስ ይመጣል ብዬ ሳይሆን ማኪያቶው እስኪበርድልኝ ነበር። መልስ መጣ።

እዚህ ላይ አከራዬን እትዬ ሰዓዳን ላስተዋውቃችሁ፤ የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻም መድረሻም እሳቸው ናቸውና። እትዬ ሰዓዳ ባለቤታቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ዓረብ ሀገር ሄደዋል፣ ስለዚህ ቁጭ አድርገው የሚያበሉት ሰው የቀራቸው እኔ ብቻ ነኝ። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የጾሜን ቀን ግን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። ረስቼ በረቡዕ እንቁላል ገዝቼ ስገባ በር ላይ ጠብቀው፣ አላህ ይቅር ይበልህ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው ብለው እንቁላሉን ከእጄ የወሰዱብኝ ጊዜ ብዙ ነው። ሐሙስ ጠብሰው ያመጡልኛል።

በእኔና በእሳቸው መካከል በየምሽቱ የሚደረግ አንድ ሥርዓት አለ። ከሥራ ስገባ ራት ብላ ይሉኛል። በልቻለሁ እላለሁ። አልበላሁም። ትንሽ ብቻ ቅመስ ይሉኛል። ጠግቤአለሁ እላለሁ። ሆዴ ግቢው ድረስ እየተሰማ ነው። ከዚያ «አፈር ስሆን፣ በሞቴ» ይላሉ። እንግዲህ ሞታቸውን ማን ይፈልጋል? ለእርስዎ ስል እሺ ብዬ ቁጭ እልና ሳህኑን ጠርጌ እነሳለሁ። የናንተም ቤት ያው ነው፤ አዲስ ነገር አልነገርኳችሁም። አንድ ቀን ብቻ፣ በጣም ርቦኝ፣ በመጀመሪያው ጥያቄ «እሺ» ብል እትዬ ሰዓዳ ጭልፋቸውን አስቀምጠው ግንባሬን ዳሰሱኝ። ያመመኝ መስሏቸው ነው።

ይቺን ነገር ያዙልኝና ወደ ኩባንያው ልመለስ።

የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ በስልክ ነበር። የደወለው የቅጥር ክፍሉ ሰው ነው፤ ሲናገር ሁሉ ፈገግ እያለ እንደሆነ ድምፁ ስለሚያሳብቅበት በልቤ «ፈገግታው» ብዬ ስም አወጣሁለት፤ እናንተም እንዲሁ ጥሩት። ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ። እኔም እንዳደግኩበት «እኛ» እያልኩ ነገርኩት፤ ፕሮግራሙን እኛ ሠራነው፣ ስህተቱን እኛ አገኘነው፣ እኛው አስተካከልነው። ፈገግታው ደስ ብሎት፣ ቡድናችሁ ስንት ሰው ነው አለኝ። እኔ ብቻ ነኝ አልኩት።

ቀጥሎ፣ ድክመትህ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ።

ይሄ ጥያቄ በዚያ ዘመን ለእኛ ሀገር ሠራተኛ በዋዛ የሚወረወር ጥያቄ አልነበረም። ግምገማ የምንቀመጥበት ዘመን ነበር። የግምገማ ሕጉ ደግሞ አንድ ነው፤ ግለ ሂስህን አብዝተህና አስፍተህ ካልጀመርክ የጎደለውን ሰብሳቢው ይሞላልሃል፤ እሱ ሲሞላው ደግሞ እጁ ከባድ ነው። ለዓመታት የሠለጠንኩበት ነገር ስለሆነ ጉሮሮዬን ጠራረግኩና ጀመርኩ። ሰዓት አከባበር ላይ ክፍተት አለብኝ። ተነሳሽነቴ ይዋዥቃል። ሂስ አልቀበልም፤ አትቀበልም ስባል ደግሞ ይህንንም አልቀበልም። ካይዘን የሚሉት የጃፓን የሥራ ቦታ ማስተካከያ የመጣ ጊዜ ጠረጴዛዬን ያጸዳሁት ለፎቶ ብቻ ነው። እየበዛ እየበዛ ሲሄድ ራሴም ተገረምኩ፤ እንዲህ ያለ ሰው ፋብሪካው እንዴት ዝም ብሎ አስቀመጠው? በመጨረሻም የሁሉም መዝጊያ የሆነችውን፣ የኪራይ ሰብሳቢነት ዝንባሌ እንዳለብኝ፣ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ነገርኩት።

ፈገግታው ጥቂት አሰበና፣ ቤት ታከራያለህ እንዴ አለኝ። ኧረ ተከራይ ነኝ አልኩት።

አበቃልኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሰውየው ግን እንዲህ ያለ ሐቀኛ አጋጥሞት አያውቅም መሰለኝ፣ ማለፌን የሚገልጽ መልእክት ላከልኝ። የሚቀጥለው ዋናው ፈተና ነው። አንዲት የኩባንያው ኢንጂነር በቪዲዮ ፊት ለፊት ተቀምጣ ጥያቄ ትሰጠኛለች፣ እኔ የማስበውን ጮክ ብዬ እየተናገርኩ ፕሮግራም እጽፍላታለሁ። ያንን ካለፍኩ ሥራው የእኔ ነው።

ቦታ ፍለጋ ያዝኩ። ፒያሳ ያሉት ሆቴሎች ኢንተርኔታቸው ደህና ነበር፤ ግን ከኢንተርኔቱ ጋር ኳሱም፣ ቢሊያርዱም፣ ሰላም የሚለኝ ሰውም አብሮ ይመጣል። ፋብሪካው ውስጥ እንዳልሞክር ጋሽ ይመር እዚያው ናቸው። ስለዚህ ኢንተርኔት የሚሰጥ ዶንግል ገዝቼ ቤቴ እንዲሆን ወሰንኩና ለእትዬ ሰዓዳ፣ ረቡዕ ትልቅ ፈተና ስላለብኝ ግቢው ጸጥ ቢልልኝ ብዬ ነገርኳቸው። እሳቸውም ናይሮቢ የት እንደሆነ ጠየቁኝ። ኬንያ ነው አልኳቸው። ከጅዳ በጣም ይርቃል? ብዙም አይርቅም። እንግዲያው ምን አለው አሉ፤ የእሳቸው ልጆች ጅዳ ናቸው።

ችግሩ፣ እትዬ ሰዓዳ ሰፈሩን ዝም ለማሰኘት ቤት ለቤት ሲዞሩ ለምን ዝም እንደሚባል መናገር ነበረባቸው። በማግስቱ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ዱአ አደረጉልኝ። እናቴ ከደሴ ዙሪያ ደውላ ለታቦቱ መሳሏን ነገረችኝ፤ ማን እንደነገራት እስካሁን አላውቅም። ባለ ስፌት መኪናው ጎረቤቴ ደግሞ በመንገድ አስቁሞኝ፣ ስለ መኪና ከጠየቁህ ክሩን እይ አለኝ። ረቡዕ ሲደርስ ሰፈራችን እንደዚያ ቀን ጸጥ ብሎ አያውቅም። ባጃጆች እንኳ ሞተር አጥፍተው ቁልቁለቱን በገዛ ክብደታቸው ሲወርዱ በመስኮት አየሁ።

ጠያቂዋ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች፤ ረጋ ያለች፣ ደግ ፊት ያላት ሴት ናት። ሰላምታ ተለዋወጥን። ትሰማኛለህ ስትለኝ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «አዎ» አልኩ፤ እኛ እንደምናደርገው። ደህና ነህ ወይ አለችኝ። ደህና ነኝ። ጥያቄውን ልጀምር? አሁንም አየር ሳብኩ። ውሃ ጠጣ፣ እጠብቅሃለሁ አለችኝ። ጠጣሁ፤ ምን ላድርግ።

ጥያቄው ይሄ ነው። ብዙ ስብሰባዎች አሉ፤ የእያንዳንዱ መጀመሪያና ማብቂያ ሰዓት ተሰጥቷል፤ ሳይጋጩ እንዲካሄዱ ቢያንስ ስንት አዳራሽ ያስፈልጋል? ይህን ጥያቄ ያወጣ ሰው በእኛ ሀገር ተሰብስቦ አያውቅም። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ሰዓት ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው፣ የማብቂያውን ሰብሳቢውም አያውቀው፤ አዳራሹ ግን ሁሌም አንድ ነው። ይህን ልነግራት አሰብኩና ተውኩት።

መጻፍ ጀመርኩ። እያንዳንዱን ስብሰባ ከእያንዳንዱ ጋር ማወዳደር ያዝኩና ብዙም ሳልሄድ ተተበተብኩ። አጠፋሁ። ደግሜ ጻፍኩ። ደግሜ አጠፋሁ። ጮክ ብለህ አስብ ተብዬ ስለነበር ጮክ ብዬ አማተብኩ። ጠያቂዋ ሁኔታዬን አይታ ፍንጭ ልስጥህ ወይ አለችኝ።

ፍንጩን እፈልገው ነበር? ከነፍሴ ነበር የምፈልገው። ግን የቀረበልኝን ነገር በመጀመሪያው ተቀብዬ አላውቅም። አፌ እኔን ሳያማክር፣ ኧረ ግድ የለም፣ አትቸገሪ አላት። ከዚያም ሁለተኛው ጥያቄ እስኪመጣ ጠበቅኩ። እሷ ራሷን በአክብሮት ነቀነቀችና ዝም አለች። አሁንም ጠበቅኩ። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ፈገግ ብላ ታየኛለች። እንዲህ ደግ ፊት ይዛ እንዲህ ልበ ደንዳና የሆነች ሴት አይቼ አላውቅም። እኔ ላብ አጥምቆኝ፣ ፍንጩ እሷ ጋ ተቀምጦ፣ አንዴ እምቢ አለ ብላ ዝም! ሰዓቱ ይሄዳል፣ የላፕቶፔ ባትሪ ይሄዳል፣ ናይሮቢ ትሄዳለች። ጋሽ ይመር «አትነካካው» ሲሉኝ ጡረታ የምወጣበት ቀን ታየኝ።

በዚህ መሀል በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ።

እትዬ ሰዓዳ ከጠዋት ጀምሮ ትንፍሽ ሳይሉ ነበር የዋሉት። ዝምታውን ቻሉት፤ ምሳ ሰዓት ማለፉን ግን አልቻሉትም። የጾም ሽሮ ፍትፍት በሳህን ይዘው፣ እንዳይታዩ ጎንበስ ብለው፣ በጫማቸው ጫፍ እየተራመዱ ገቡ፤ ጎንበስ ያሉት ልክ ካሜራው ትይዩ ነው። ጠያቂዋ አየቻቸውና እጇን አወዛወዘችላቸው። እትዬ ሰዓዳ ቀና ብለው «አሰላሙ አለይኩም» አሉና፣ ይቺ ናት የምትፈትንህ ብለው ጠየቁኝ። ናት አልኳቸው። ከስታለች አሉ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ሳህኑ ሰደዱ፣ ጥሩ ጉርሻ ጠቀለሉና ወደ ስክሪኑ ዘረጉት።

ጠያቂዋ እየሳቀች፣ አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ አለች።

«ምን አለች?» አሉኝ እትዬ ሰዓዳ።

«ይቅርብኝ አለች።»

«እሱማ ትበል እንጂ። በሞቴ በላት።»

ተረጎምኩላት፤ በእንግሊዝኛ «ልሙትልሽ ይላሉ» ስላት ፊቷ ደንገጥ አለ። በጣም አመሰግናለሁ፣ ግን አይ አለች።

«እምቢ አለች እትዬ።»

«ስንተኛዋ ነው?»

«ሁለተኛዋ።»

«አብሽር፣ እንግዲያው አንድ ነው የቀራት» አሉና ጉርሻውን ይበልጥ አስጠጉት። ከዚህ በኋላ ጠያቂዋ በእሷ በኩል ከሽሮ በስተቀር የሚታያት ነገር አልነበረም።

ምንድን ነው የሚሆነው ብላ ጠየቀችኝ። አፍሬ መሬት ልገባ ምንም አልቀረኝም፤ ግን ፈተናውንም እንደሆነ ወድቄአለሁ ብዬ እውነቱን ነገርኳት። እኛ ሀገር የመጀመሪያው ጥያቄ ጥያቄ አይደለም፣ የመጀመሪያውም እምቢታ እምቢታ አይደለም አልኳት። ጨዋ ሰው አንዴ ሲጠየቅ አይቀበልም፤ የምሩን የሚጋብዝ ሰው ደግሞ አንዴ ጠይቆ አይተውም። ሦስተኛው ላይ ነው ሁለቱም የልባቸውን የሚናገሩት። ጠያቂዋ ሳቋን አቆመች።

«ቅድም ፍንጭ ልስጥህ ስልህ አትቸገሪ ብለኸኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ።»

«ፈልገኸው ነበር እንዴ?»

«በጣም።»

እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያ ተስተካክላ ተቀመጠችና፣ እንግዲያው ፍንጭ ልስጥህ ወይ ስትል ሁለተኛውን ጠየቀችኝ። አሁን ምን አልኩ ብትሉኝ፣ ኧረ ተዪው አልኩ። እትዬ ሰዓዳ አጠገቤ ቆመው እያዩኝ እንዴት በሁለተኛው እሺ ልበል? ጠያቂዋም ወደ ካሜራው ጠጋ ብላ፣ አሁን ከእሳቸው አፍ የሰማችውን ቃል እየተኮላተፈች «በሞቴ» አለችኝ። እትዬ ሰዓዳ፣ አየህ፣ አሳዳጊ አላት አሉና ጉርሻውን ለእኔ አጎረሱኝ።

ፍንጩ አጭር ነበር። የመጀመሪያ ሰዓቶቹንና የማብቂያ ሰዓቶቹን ለየብቻ በቅደም ተከተል ብትደረድርስ አለችኝ። አፌ ሙሉ ስለነበር ዝም ብዬ አሰብኩ። ድንገት የደሴ መናኸሪያ መጣልኝ። ለመናኸሪያው ስንት የመኪና ማቆሚያ እንደሚበቃው ለማወቅ እያንዳንዱን መኪና ከእያንዳንዱ ጋር የሚያወዳድር ማን ነው? በሩ ላይ ቆሞ ሲገባ አንድ መጨመር፣ ሲወጣ አንድ መቀነስ፣ ከሁሉ የበዛበትን ሰዓት መያዝ ነው። ጎርሼ ሳልጨርስ ጽፌ ጨረስኩ።

ጠያቂዋ የጻፍኩትን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ስታነብ አየኋት፤ ዓይኗ በየመስመሩ ይሄዳል። መሀል ላይ ቆመችና «ይቺን ለምን እንዲህ አደረግሃት?» አለችኝ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዕንባዬ መጣ። ሽሮው አቃጠለኝ ብዬ አሳበብኩ። አንድ ስብሰባ ሲያልቅ ሌላው በዚያው ሰዓት ቢጀመር አዳራሹን መልሶ መጠቀም እንዲቻል ብዬ መውጫውን ከመግቢያው አስቀድሜ ነበር፤ ያቺን ነው ያየችው። አስረዳኋት። ሌላ መንገድ አሳየችኝ። አይ የእኔ ይሻላል አልኳት። ተከራከርን። እንዲያ ደስ ብሎኝ ከሰው ጋር ተከራክሬ አላውቅም፤ ከኮምቦልቻው ሥራዬ ሁሉ ያቺ ቀን በለጠችብኝ። በዚያው ባትሪው አለቀ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን እኔ ነኝ ባለታሪኩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እየተመለስኩ ሚኒባሱ ዳገቱን ሲያያዘው ስልኬ ጮኸ። ቁጥር አልወጣም። ፈገግታው ነው። ፈገግታው ከወትሮው በዝቷል። ሥራውን ልንሰጥህ ወስነናል፣ ትቀበላለህ ወይ አለኝ። ልቤ ዘለለ፤ ጮኼ ላቅፈው ምንም አልቀረኝም። አፌ ግን ከልቤ ይቀድማል። ኧረ ለእኔ ብላችሁ፣ አይሆንም፣ ይቅር፣ ምን አስቸገራችሁ አልኩት። ይህን ብዬ እንደጨረስኩ ሚኒባሱ ታጠፈና ኔትወርኩ ተቆረጠ።

ክው ብዬ ቀረሁ። አጠገቤ ያሉት እናት መርዶ መስሏቸው ትከሻዬን ያዙኝ። የሆነውን ነገርኳቸው፤ ሚኒባሱ ሁሉ ሰማ። ወዲያው ሁለት ወገን ሆነ። ከፊት ያሉት፣ አበጀህ፣ ዘልሎ እሺ የሚል ሰው ይንቁታል አሉ። ከኋላ ያሉት፣ ኧረ ፈረንጅ የአፍህን ነው የሚወስደው አሉ። ሾፌሩ ኔትወርክ ያለበት ቦታ አቁሞ ሰው ሁሉ አብሮኝ ጠበቀ፤ መሽቶብናል ያለ አንድም አልነበረም። ስልኩ ግን አልጮኸም። ኢሜይል እንዳልጽፍ ኢንተርኔት ጠፋ፤ በዚያ ዘመን ኢንተርኔት ሲሄድም ሲመጣም አያማክረንም። ቀናት ሄዱ። ፋብሪካ ውስጥ የመጋዘኑን ፕሮግራም ከፍቼ ዝም ብዬ አየዋለሁ። ጋሽ ይመር በኋላዬ ሲያልፉ፣ እየነካካኸው እንዳይሆን ይሉኛል። አልነካካሁትም። በራሴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም፤ ስፈልገው የኖርኩትን ነገር በጨዋነቴ አባረርኩት። እትዬ ሰዓዳ ብቻ አልተጨነቁም። ሰው ከሆነ ደግሞ ይጠይቃል፣ ደግሞ ካልጠየቀ መጀመሪያውኑ የምሩን አልነበረም፣ ታዲያ ምን ቀረብህ ይሉኛል።

አንድ ምሽት እሳቸው ጋ ቁጭ ብዬ ስልኬ ጮኸ። ቁጥር የለውም። አነሳሁት፤ ፈገግታው ነው። ሥራውን አልፈልግም ማለቴን ለቡድኑ ነግሮ እንደነበር አጫወተኝ። የፈተነችኝ ሴትዮ ይህን ስትሰማ በሳቅ ፈርሳ፣ አንተ ገና መች ጠየቅከውና አለችው አሉ። ያ ሰው እስከ ሦስት ነው የሚጠየቀው ብላ አስጠንቅቃዋለች።

«ስለዚህ ይሄ ሁለተኛው ነው» አለኝ ፈገግታው። «ሥራውን ትቀበላለህ ወይ?»

ስልኩን በእጄ ሸፍኜ ለእትዬ ሰዓዳ ነገርኳቸው።

«ሦስተኛውን አስጠብቀው» አሉኝ በሹክሹክታ። «በሁለተኛው እሺ ማለት ነውር ነው፣ የራበው ያስመስላል።»

ርቦኝ እኮ ነው። ስንት ዓመት ርቦኝ ነው። የመታጠፊያውን ኔትወርክ አሰብኩ፤ ያቺን «ለምን እንዲህ አደረግሃት» አሰብኩ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ በሁለተኛው፣ እትዬ ሰዓዳ ፊት ለፊት፣ «እሺ» አልኩ።

እትዬ ሰዓዳ መጀመሪያ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ፣ አላህ ያውፍቅህ ብለው መረቁኝ። ከዚያ ማፈሪያ መሆኔ ትዝ አላቸውና ፊታቸውን አዞሩብኝ። ደስ ብሎኝም ከፍቶኝም ወደ ክፍሌ ገባሁ፤ ናይሮቢ ከእሳቸው ምን ያህል እንደሚርቅ ያን ጊዜ ነው የታየኝ።

ጥቂት ቆይተው ምስር ወጥ በሳህን ይዘው መጡ። «ትበላለህ?» አሉኝ።

«በልቻለሁ» አልኩ።

«እሺ» አሉና ሳህኑን ይዘው ዞሩ።

በሩ ላይ ሲደርሱ፣ የፈረንጅ ሠራተኛ ሆነሃል፣ ከእንግዲህ አንዴ ነው የምትጠየቀው ብለውኝ ወጡ። ምስሩ ሽታው ብቻ ቀረኝ። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሆዴ ሲጮህ እየሰማሁ ብቻዬን ሳቅኩ።

ብዙም ሳይቆይ ግቢው ውስጥ የነጠላ ጫማቸው ኮቴ ተሰማ፤ ወደ እኔ በር ነው የሚመጣው። ተስተካክዬ ተቀመጥኩና ሁለተኛውን እምቢታዬን አዘጋጅቼ ጠበቅኳቸው።